«ባለሙያ ጠፋ» ባሉበት ሳምንት አሰናበቱኝ

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 57 ነው። በ1998 በዲቪ ወደ አሜሪካ መጥቼ፣ ቀን ፓርኪንግ እየሠራሁ ማታ ኮሌጅ ተምሬ የኮምፒውተር ሙያ ያዝኩ። ላለፉት 19 ዓመታት ሰሜን ቨርጂኒያ በሚገኝ አንድ ትልቅ ኩባንያ የዳታቤዝ አስተዳዳሪ ነበርኩ፤ በሥራ አፈጻጸም ግምገማ ዝቅ ብዬ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት አለቃዬና አንዲት የሰው ኃይል ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ ጠርተው የሥራ መደቤ መሰረዙን ነገሩኝ። የ19 ሳምንት ደመወዝ ይሰጡኛል፤ ለዚያ ግን ኩባንያውን ላለመክሰስ መፈረም አለብኝ። በ10 ቀን ውስጥ ከፈረምኩ 2,000 ዶላር ይጨመርልኛል። ከፈለግኩም በመዝገብ ላይ «በፈቃዱ ጡረታ ወጣ» ተብሎ ይጻፍልኛል። «ለክብርዎ ይሻላል» አለችኝ ልጅቷ።

ያንገበገበኝ መሰናበቱ ብቻ አይደለም። በዚያው ሳምንት የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ በአንድ ጉባኤ ላይ «የሠለጠነ ሰው ማግኘት አልቻልንም፣ ትልቁ ችግራችን የክህሎት እጥረት ነው» ሲል ሰማሁት። በኩባንያው ድረ ገጽ ላይም ከእኔ ሥራ ጋር የሚመሳሰሉ ሦስት ክፍት ቦታዎች ወጥተዋል። ታዲያ እኔ ምን ጎደለኝ?

በቀረኝ አንድ ወር ሥራዬን ለአንድ ወጣት እንዳስረክብ ታዝዣለሁ። የአገሬ ልጅ ነው፤ በኤች ዋን ቢ፣ ማለትም አሠሪ ለውጭ አገር ባለሙያ በሚያወጣው ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ የሚሠራ፣ ጎበዝና ጨዋ። ሳየው ግን ደሜ ይፈላል። ለቤተ ክርስቲያን ወዳጆቼ «ሥራ ለቅቄያለሁ» ብያቸዋለሁ። ሴት ልጄ 14,000 ዶላር የሚያስከፍል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥልጠና ግባ ትለኛለች። ባለቤቴ ሆስፒታል ትሠራለች፤ የጤና መድናችን ግን በእኔ በኩል ነው። ልፈርም? ልማር? ልጁንስ ምን ላድርገው?

ከሰነዱ ጋር ተያይዞ የመጣ የዕድሜ ዝርዝር አለ፤ ምን እንደሆነ ስላልገባኝ አብሬ ልኬዋለሁ።

ደሜ የፈላ፣ ከቨርጂኒያ

መልስ

ወንድሜ፣

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ዕለት በኢሜይል የላክሁልዎትን እዚህም ልድገመው፦ አይፈርሙ። ጨርሶ አይፈርሙ ማለቴ አይደለም፤ በዚያ 10 ቀን ውስጥ አይፈርሙ። ተመሳሳይ ወረቀት የያዙ ሌሎች አንባቢዎች እንዳሉ ስለማውቅ ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ እጽፈዋለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ረጅም ዓመት የሠራሁት በሰው ኃይል አስተዳደር ነው፤ «ለክብርዎ ይሻላል» ያለችዎት ልጅ በተቀመጠችበት ወንበር ማለት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከገንዘቡ በፊት «ምን ጎደለኝ?» ያሉትን ላንሳ፤ እንቅልፍ የነሳዎት እሱ ይመስለኛልና። ሥራ አስፈጻሚው የዋሸ አይመስለኝም። ሙሉውን ግን አልተናገረም። መርካቶ ገብቶ ማኛ ጤፍ በበቆሎ ዋጋ ሲጠይቅ የዋለ ሰው፣ ማታ ባዶ ጆንያ ይዞ ሲመለስ «ጤፍ ከገበያ ጠፍቷል» ቢል ለራሱ እውነቱን ነው። ኩባንያዎች «የክህሎት እጥረት» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ «እኛ በምንከፍለው ዋጋ፣ ያለ አንዳች ሥልጠና ነገ ጠዋት ሥራ የሚጀምር ሰው አጣን» ማለታቸው ነው። እጥረቱ የእውነት ቢሆን መጀመሪያ የሚታየው በደመወዝ ላይ ነው፤ ቀጥሎም በእጃቸው ያለውን ሰው አጥብቀው በመያዛቸው። እርስዎ ግን ሥራውን 19 ዓመት ሠርተው ሲያበቁ በቪዲዮ ተሰናበቱ።

ይህ ጩኸት አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ባለሙያ አለቀብን ብለው በዋሽንግተን ሲወተውቱ ኮንግረሱ በዓመት 65,000 የነበረውን የኤች ዋን ቢ ኮታ በመጀመሪያ ወደ 115,000፣ ከ2001 እስከ 2003 ደግሞ ወደ 195,000 ከፍ አደረገው። በእነዚያው ዓመታት የኢንተርኔት ኩባንያዎች ገበያ ወድቆ የኮምፒውተር ባለሙያዎች በገፍ ሥራ ያጡ ነበር። በጁላይ 2014 ደግሞ የማይክሮሶፍት መሥራች ቢል ጌትስ ከሌሎች ሁለት ባለጸጎች ጋር ሆኖ የኢሚግሬሽን ሕጉ ለሠለጠኑ የውጭ ባለሙያዎች በሩን እንዲከፍት በኒው ዮርክ ታይምስ ጻፈ። በሳምንቱ ማይክሮሶፍት 18,000 ሠራተኞች እንደሚቀንስ አስታወቀ። አብዛኞቹ ማይክሮሶፍት ከገዛው የኖኪያ የስልክ ክፍል ጋር አብረው የመጡ ነበሩ፤ ይህን አለመጥቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ቢሆንም አጋጣሚው ያን ጊዜም ብዙ ሰው አስገርሟል።

አሁን ከወንበሩ ማዶ ያየሁትን ልንገርዎት። የቅነሳ ዝርዝር ሲዘጋጅ ማንም «ሽማግሌዎቹን አውጡ» ብሎ አይጽፍም። ከላይ የሚወርደው የገንዘብ መጠን ነው፤ «ከዚህ ክፍል ይህን ያህል ይቀነስ» ይላል። ሥራ አስኪያጁ የሠራተኞቹን ስም በኤክሴል ይከፍታል። የዕድሜ ዓምድ የለበትም፤ ጠበቆቹ አስቀድመው አስወጥተውታል። የደመወዝ ዓምድ ግን አለ። አንዴ ጠቅ ሲያደርገው ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረደራል፤ 19 ዓመት በየዓመቱ ጭማሪ ሲያገኝ የኖረ ሰው የት እንደሚገኝ መገመት አያስቸግርም። ከጎኑ «የወደፊት ክህሎት» የሚል ሌላ ዓምድ አለ፤ ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጥበት። ያ ክህሎት ምን እንደሆነ፣ በምን እንደሚለካ የሚገልጽ ወረቀት ፈልጌ ያጣሁበት ጊዜ ይበዛል። ሥራ አስኪያጁ ከላይ የተደረደሩትን ስሞች እያየ 2፣ 2፣ 1፣ 2 እያለ ይወርዳል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እስከ አርብ ማስረከብ አለበት፣ የራሱም ስም በሌላ ሰው ኤክሴል ላይ አለ። እንግዲህ እርስዎ «ምን ጎደለኝ» እያሉ ሌሊቱን የሚያነጉበት ያ 2 ቁጥር ነው። እኔ ብሆን ስለ እሱ አንድ ሌሊት አላድርም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1967 በወጣ ሕግ መሠረት 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ዕድሜው 40 የሞላውን ሰው በዕድሜው ምክንያት ማሰናበት አይችልም። «ውድ ስለሆነ ነው» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በ1993 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጡረታው ሊጸናለት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የተባረረ የ62 ዓመት ሰው ጉዳይ ቀርቦለት፣ የአገልግሎት ዘመንና ዕድሜ አብረው ቢሄዱም አንድ ነገር አይደሉም ብሎ ፈረደ። በ2009 ደግሞ ከሳሹ «ዕድሜዬ ባይሆን ኖሮ ይህ አይደርስብኝም ነበር» የሚለውን ማረጋገጥ አለበት ብሎ በሩን ይበልጥ አጠበበው። ኩባንያዎች ስለ ወጪና ስለ ክህሎት ሲያወሩ ውለው ስለ ዕድሜ አንዲት ቃል የማይተነፍሱት ለዚህ ነው።

አንዳንዴ ታዲያ ያመልጣቸዋል። ፕሮፐብሊካ የተባለው የምርመራ ጋዜጠኞች ተቋም በ2018 ባወጣው ዘገባ የኮምፒውተር ኩባንያው አይ ቢ ኤም በአምስት ዓመት ውስጥ ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆኑ ወደ 20,000 የሚጠጉ አሜሪካውያን ሠራተኞችን እንዳስወጣ ገምቶ ነበር። በ2020 የፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ከ2013 እስከ 2018 በነበሩት ቅነሳዎች የዕድሜ መድልዎ ተፈጽሟል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት አገኘሁ አለ። በ2022 ይፋ በሆኑ የፍርድ ቤት ሰነዶች ውስጥም ኃላፊዎች አንጋፋ ሠራተኞችን ከዳይኖሰር ጋር አዛምደው «ዳይኖቤቢ» እያሉ ሲጻጻፉ ታይቷል። ኩባንያው ክሱን ይክዳል። የእርስዎን ጉዳይ የሚመለከተው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ያ ዘገባ እንደገለጸው አንዳንድ ስንብቶች በመዝገብ ላይ «ጡረታ» እየተባሉ ተመዝግበዋል።

ስለዚህ «በፈቃዱ ጡረታ ወጣ» የሚለውን ስጦታ አይቀበሉ። በፈቃዱ የወጣ ሰው የሥራ አጥነት ድጎማ ሲጠይቅ ይቸገራል፤ ክስ ለማቅረብ ሲያስብም ኩባንያው መጀመሪያ የሚያወጣው ያንን ወረቀት ነው። ክብርዎ በእነርሱ መዝገብ ላይ አይደለም።

ወደ ዋናው ሰነድ ልግባ። በ1990 የወጣ አንድ ሕግ አለ፤ አረጋውያን ሠራተኞች መብታቸውን ሳያውቁ እንዳይፈርሙ የሚጠብቅ። እንደ እርስዎ በቡድን ለሚሰናበቱ ሰዎች 45 ቀን የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል፤ ከፈረሙም በኋላ 7 ቀን ውስጥ ሐሳብዎን መለወጥ ይችላሉ። ጠበቃ እንዲያማክሩ በጽሑፍ ሊነግሩዎት ይገባል። ቶሎ መፈረም አይከለከልም፤ ነገር ግን ቶሎ ለሚፈርሙ የተለየ ጥቅም እየሰጡ ማስፈረምን የኮሚሽኑ ደንብ አይፈቅድም። ያቺ 2,000 ዶላር እንግዲህ ከሁሉ ይልቅ ጠበቃዎን የምታስደስት ናት። የቀረበልዎትን በጽሑፍ ካልያዙ ዛሬውኑ «እባክዎ የቅድሚያ ፊርማውን ጉርሻ በኢሜይል ያረጋግጡልኝ» ብለው ይጠይቁ። በትሕትና ይጻፉት።

«ፈርሜ ገንዘቡን ከበላሁ በኋላ ስህተት ቢገኝስ?» ብለው የሚያስቡ አንባቢዎች ይኖራሉ። በ1998 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአንዲት የሉዊዚያና የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሠራተኛን ጉዳይ አይቷል። ኩባንያዋ የሰጣት የማሰቢያ ጊዜ 14 ቀን ብቻ ነበር፤ ሐሳቧን መለወጫ ቀንም አልተሰጣትም። ገንዘቡን ተቀብላ አጥፍታዋለች። ፍርድ ቤቱ፣ ሰነዱ የሕጉን መስፈርት ስላላሟላ ገንዘቡን ሳትመልስም ቢሆን በዕድሜ መድልዎ መክሰስ ትችላለች አለ።

አሁን «ምን እንደሆነ አልገባኝም» ያሉት ዝርዝር። እርስዎ በመጨረሻ ያነሱት እኔ መጀመሪያ ያነበብኩት ነው። ያው የ1990 ሕግ በቡድን ሲቀንሱ፣ ከየክፍሉ የወጣውንና የቀረውን ሰው የሥራ መጠሪያና ዕድሜ ጽፈው እንዲሰጡ ያስገድዳል። ስም አይጻፍም። ዕድሜውንም «ከ40 እስከ 50» ብለው በጅምላ ማስቀመጥ አይችሉም፤ ዓመት በዓመት መዘርዘር አለበት። በእርስዎ ክፍል 11 ሰው አለ። የወጡት አራቱ 51፣ 55፣ 57 እና 61 ዓመታቸው ነው። የቀሩት ሰባቱ 26፣ 28፣ 29፣ 31፣ 33፣ 38 እና 47። የወጡት አማካይ ዕድሜ 56፣ የቀሩት 33 ገደማ። ከ50 በላይ የነበረ አንድም ሰው አልቀረም።

ይህ ብቻውን አያስፈርድም። 11 ሰው ትንሽ ነው፤ ኩባንያውም «ያው 47 ዓመቱን አስቀርተናል፣ እሱም ከ40 በላይ ነው» ይላል። ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1996 በወሰነው መሠረት ዋናው ጥያቄ የተተካው ሰው ከ40 በላይ መሆን አለመሆኑ አይደለም፤ ከተሰናበተው ጉልህ በሆነ መጠን ወጣት መሆኑ ነው። ሌላ የታዘብኩት ነገር ደግሞ አለ። ዝርዝሩ «የዳታቤዝ አስተዳደር ቡድን»ን ብቻ ይዟል፤ በደብዳቤዎ የጠቀሷቸው ሦስት ክፍት ቦታዎች ግን በሌላ ቡድን ስም ወጥተዋል ብለው በኢሜይል ነግረውኛል። ቡድኑ እንዴት እንደተከለለ ጠበቃው መጠየቅ አለበት። አጥሩን የሚያጥረው ኩባንያው ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

የእነዚያን ክፍት ቦታዎች ማስታወቂያ ከራስዎ ቤት፣ በራስዎ ኮምፒውተር፣ ቀኑ እየታየ አትመው ያስቀምጡ። ለሁሉም የሚታይ ነገር ነው። የኩባንያውን ሰነድ ግን ወደ ግል ኢሜይልዎ አይላኩ፤ ምንም ቢያናድድዎት አይላኩ። ቴኔሲ ውስጥ ክሪስቲን መኬነን የተባለች የ62 ዓመት ሴት 30 ዓመት ገደማ ከሠራችበት የጋዜጣ ድርጅት «ወጪ ለመቀነስ» ተብላ ስትሰናበት ምሥጢራዊ ወረቀቶች ቀድታ ይዛ ወጥታ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1995 ክሷን አልዘጋባትም፤ ነገር ግን በዚያ ምክንያት ልታገኝ የምትችለው ካሣ ተሸራርፏል። ሆድ የባሰው ሰው እጁ የሚያነሳውን አያውቅምና ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ።

ጠበቃ ሲፈልጉ የሠራተኛ ወገን ሆኖ የሚከራከር ይሁን፤ የኢሚግሬሽን ጉዳይዎን የጨረሰልዎት ሰውዬ ጎበዝ ቢሆንም ሥራው ሌላ ነው። በቨርጂኒያ ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤቱታ ለማቅረብ 300 ቀን አለዎት፤ የሚቆጠረው ከመጨረሻው የሥራ ቀን ሳይሆን መሰናበትዎ ከተነገረዎት ዕለት ነው። በሰነዱ ውስጥ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ካለ ለጠበቃው ቀድመው ያሳዩት። እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ ጉዳዮች ችሎት ሳይደርሱ በድርድር አልቀዋል፤ ጠበቃ አንድ ደብዳቤ ይጽፋል፣ የ19 ሳምንቱ ክፍያ ይጨምራል፣ ኩባንያው የተወሰነ ወር የጤና መድን ይሸፍናል፣ ነገሩ ይቋጫል። ለእርስዎም ተስፋ የማደርገው ይህንን ነው። ድርጅቱን በፍርድ ቤት አንበርክኬ አጨበጭባለሁ ብለው ከሆነ ግን አላደፋፍርዎትም።

የጤና መድኑን በተመለከተ መፍትሔው ቤትዎ ውስጥ ነው። የእርስዎ መድን ሲቋረጥ ባለቤትዎ በሆስፒታሉ መድን ቤተሰቡን ለማስመዝገብ ቢያንስ 30 ቀን አላት፤ ያ ቀን ካለፈ የዓመቱን የምዝገባ ወቅት መጠበቅ ይመጣል። «ኮብራ» የሚባለው አማራጭ የድሮውን መድን እስከ 18 ወር ያስቀጥላል፤ ግን አሠሪው ይከፍል የነበረውንም ጨምረው ሙሉውን ስለሚከፍሉ ሂሳቡን ሲያዩ ይደነግጣሉ።

በአሠሪዎ በኩል ስለሚቆጥቡት የጡረታ ገንዘብ፣ ስለ «ፎር ኦ ዋን ኬ»፣ አልጠየቁኝም፤ ስለሱ ሳልናገር ባልፍ ግን ይቆጨኛል። ዕድሜው 55 በሞላበት ዓመት ወይም ከዚያ በኋላ ሥራ ያቆመ ሰው ከዚያው አሠሪ ቁጠባ ላይ ያለ 10 በመቶ ቅጣት ገንዘብ ማውጣት ይችላል፤ ገቢ ግብሩ ብቻ ይቀራል። ገንዘቡን ወደ ግል የጡረታ ሂሳብ ካዛወሩት ግን ይህ መብት ይቀርና 59 ዓመት ተኩል እስኪሞላዎት ይጠብቃሉ። የሥራ ማጣትዎን የሰማ የፋይናንስ አማካሪ ሁሉ «እናዛውረው» ብሎ ይደውልልዎታል። ቆይ ይበሉት።

ልጅዎ ያለችውን ሥልጠና በተመለከተ፣ ከስንብት ክፍያዎ ላይ 14,000 ዶላር አያውጡ። ፍቅሯ ነው ያናገራት፤ ግን እሷም ሥራ አስፈጻሚው የተናገረውን አምና ነው፣ አባቴ ክህሎት ጎድሎታል ብላ። በቅነሳ ሥራ ላጡ ሰዎች ሥልጠና የሚከፍል የፌዴራል ፕሮግራም አለ፤ በ2014 በወጣ ሕግ የሚተዳደር፣ በየአካባቢው ባሉ የሥራ ማዕከላት የሚገኝ። መጀመሪያ እዚያ ይሂዱና «ከሥራ የተፈናቀለ ሠራተኛ ነኝ» ብለው ይመዝገቡ። እነርሱ የሚከፍሉለትን ኮርስ ይማሩ፣ መማር ክፉ አይደለም። ነገር ግን በሥራ ማስታወቂያ ላይ የሚያዩት የ14 መሣሪያዎች ዝርዝር አመልካቾችን ማበጠሪያ እንጂ የሥራው መልክ እንዳልሆነ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል።

ይልቅስ በእርስዎ ዋጋ እርስዎን የሚፈልገው ማን ነው? በኤፕሪል 2020 ኮሮና ሥራ አጡን ሲያበዛው የኒው ጀርሲው አገረ ገዥ ፊል መርፊ በመግለጫ ላይ ቆሞ ኮቦል የተባለውን አሮጌ የኮምፒውተር ቋንቋ የሚያውቁ ፕሮግራመሮች በበጎ ፈቃድ እንዲረዱት ተማጸነ። የግዛቲቱ ኮምፒውተሮች ዕድሜ ከ40 ዓመት በላይ ነበር። ቋንቋውን ከሚያውቁት ብዙዎቹ ጡረታ ወጥተው ነበር፤ አሁንም በነጻ ነው የጠራቸው! እኔ የምልዎ በነጻ እንዲሠሩ አይደለም። አሮጌ ሥርዓት ተሸክመው የሚኖሩ ተቋማት ብዙ ናቸው፦ የካውንቲ አስተዳደሮች፣ የትምህርት ቤት ዲስትሪክቶች፣ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣናት፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሆስፒታሎች። ቅጥራቸው ይጓተታል፣ ደመወዛቸውም ከለመዱት ሊያንስ ይችላል። ግን ዳታቤዝ ሌሊት ሲወድቅ ሳይደነግጥ የሚያነሳ ሰው ዋጋውን የሚያውቁ እነርሱ ናቸው። የሥራ ልምድ መግለጫዎ የመጨረሻዎቹን 15 ዓመታት ብቻ ይያዝ፤ የተመረቁበትን ዓመት ያውጡት።

እዚህ ላይ «ሥራ ለቅቄያለሁ» ያሉት ነገር ይመጣል። ለምን? ባለቤትዎ ሆስፒታል ነው የምትሠራው፤ ከቤተ ክርስቲያን ወዳጆችዎም ቢያንስ አንዱ ወይም ዘመዱ በካውንቲ ወይም በዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ይመስለኛል። በፈቃዱ ለቀቀ የተባለን ሰው ማን ሥራ ይፈልግለታል? «ዕረፍት ላይ ነው» ብለው ያልፉታል። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «ቀንሰውኛል፣ ሥራ እፈልጋለሁ» ይበሏቸው። ጥቂቱ ከንፈር ይመጥጣል፤ አንዱ ግን ስልክ ቁጥር ይሰጥዎታል።

የሥራ አጥነት ድጎማውንም ከሥራ በወጡበት ሳምንት ያመልክቱ። የስንብት ክፍያው ሊያዘገየው ይችላል፤ ማመልከቻውን ግን አያዘግዩ።

የቀረው ልጁ ነው። በእሱ ላይ ደምዎ መፍላቱ አይገርመኝም። በ2014 መጨረሻ በኦርላንዶ የሚገኘው የዲዝኒ ድርጅት ወደ 250 የሚሆኑ የኮምፒውተር ባለሙያዎችን ሲያሰናብት፣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ በኤች ዋን ቢ ቪዛ የመጡ ተተኪዎቻቸውን እንዲያሠለጥኑ ተደርገው ነበር። አንዳንዶቹ ክስ አቅርበው አልተሳካላቸውም፤ ምክንያቱም ሕጉ ይህን የሚፈቅድ ሆኖ ተሠርቷል። አብዛኛው አሠሪ «አሜሪካዊ ፈልጌ አጣሁ» ብሎ ማረጋገጥ አይጠበቅበትም። በቪዛው ሠራተኞች ላይ በብዛት የሚተማመኑ ኩባንያዎች ነባር ሠራተኛ ማፈናቀል ቢከለከሉም ለቪዛው ሠራተኛ በዓመት ቢያንስ 60,000 ዶላር ደመወዝ ከከፈሉ ከዚያ ግዴታ ነጻ ይወጣሉ፤ ይህ መጠን በ1998 ከተወሰነ ወዲህ አልተነካም።

ልጁ ግን ይህን ሕግ አልጻፈውም። ኤች ዋን ቢን ዛሬ ባለው መልኩ ያቋቋመው የ1990 የኢሚግሬሽን ሕግ፣ እርስዎን ያመጣዎትን ዲቪንም የወለደ ሕግ ነው። ልዩነቱ የእርስዎ ግሪን ካርድ ከማንም አሠሪ ጋር አልታሰረም ነበር፤ ፓርኪንጉን ጥለው ኮሌጅ ሲገቡ ማንንም አላስፈቀዱም። የእሱ ቪዛ ከኩባንያው ጋር የታሰረ ነው። ነገ ቢያሰናብቱት 60 ቀን ውስጥ ሌላ አሠሪ ካላገኘ ወይም ሌላ መንገድ ካልከፈተ አገር ለቅቆ መውጣት አለበት። ለኩባንያው ርካሽና ዝምተኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው እንጂ ጉብዝናው አይደለም።

ደመወዙን አይጠይቁት፤ ያስጨንቁታል። ኩባንያው ለቪዛው ሲያመለክት ለቦታው የሚከፍለውን ደመወዝ ለሠራተኛ ሚኒስቴር ያስገባል፤ ሚኒስቴሩም በኩባንያ፣ በሥራ መጠሪያና በከተማ ከፋፍሎ በድረ ገጹ ያወጣዋል። ከእርስዎ ደመወዝ አጠገብ አስቀምጠው ለጠበቃው ይስጡት።

ልጁንም በደንብ ያስተምሩት። ያስረከቡትን ሁሉ፣ የይለፍ ቃል ዝርዝሩንና የመጠባበቂያ ቅጂውን መርሐ ግብር ጭምር፣ በጽሑፍ ያስረክቡና አለቃዎ ተቀብያለሁ ብሎ በኢሜይል ይመልስልዎ፤ ከወጡ በኋላ አንድ ነገር ቢበላሽ ጣት እንዳይቀሰርብዎ። የእርስዎ የሥራ ሰዓት ሲያልቅ ግን ሥልጠናውም ያልቃል፤ ማታ ቢደውሉልዎት ስልክ የማንሳት ግዴታ የለብዎትም። ከስንብቱ በኋላ «ለጥቂት ቀን ብቅ ብለው ያግዙን» ማለታቸው የማይቀር ነው። ያን ጊዜ በሰዓት ስንት እንደሚያስከፍሉ ከወዲሁ ይወስኑ፤ ከጠበቃው ጋር የጀመሩት ድርድር ሳይቋጭ ግን እሺ አይበሏቸው።

የጠበቃውን መልስ ሲያገኙ ይጻፉልኝ፤ ስለዚያች 2,000 ዶላር ምን እንዳለ በተለይ ማወቅ እፈልጋለሁ።